ሐዘን ያሉት በሽታ

የመጀመሪያው ምልክት ምግብ መተው ነበር። የታመመው ውሻችን አንበሴ ነው። የታመመው ግን አባቴ ከአይከል ወረድ ብላ በምትገኘው መንደራችን በተቀበረበት ሰሞን ስለነበር ታመመ ያለ ሰው አልነበረም። አዘነ ተባለ።

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ሐዘን ገብቶ ውሻቸው ጥግ ይዞ ለተኛባቸው ሰዎች ነው። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው «እንስሳው እንኳ» እያሉ ከንፈር የሚመጥጡትም ቢያነቡት ደስ ይለኛል፤ ያነባሉ ብዬ ግን አልጠብቅም።

በአገራችን የሟች በቅሎ ኮርቻዋ ተጭኖ፣ ጠመንጃውና ካባው ተይዞ በለቅሶው መሐል ትዞራለች። የቆየ ወግ ነው፣ አልነቅፈውም። የአባቴ ወንድም አያ ቢሻው ግን በቅሎዋ አልበቃችውም። አንበሴ ከቆጡ ሥር ገብቶ ብርሃን እንደሚሸሽ ሲሰማ ሰው ሁሉ ይየው ብሎ በገመድ እየጎተተ ዳሱ ውስጥ አመጣው። የውሻው አፍ አይገጥምም። ለሐጩ ይዝረበረባል። ድምፁ ሰልሏል። አልቃሿ ወዲያው ግጥም አወጣችለት፤ ጌታው ቢሄድበት ድምፁ ተዘጋ ስትል ዳሱ በለቅሶ ተናወጠ። ለአባቴ እንኳ እንዲያ አልተለቀሰም።

አያ ቢሻው ቄሱ እየከለከሉት ግንባሩንና ጉንጩን በጥፍሩ ነጭቶ ደም አውጥቶ ነበር፤ የወንድም ሐዘን በዚያ ይለካል ባይ ነው። ውሻውን አቅፎ ሲንሰቀሰቅ አንበሴ ፊቱን ላሰው። የላሰው ቁስሉን ነው። «አያችሁት? ሊያጽናናኝ ነው» አለ። ሰዉም እውነት ነው ብሎ አለቀሰ፤ በስልክ የቀረጸውም ነበር።

እናቴ ውሻው ጦሙን መዋሉ አሳዘናት። እንጀራ በእርጎ ነክራ ልታጎርሰው እጇን ዘረጋች። ነከሳት። ከአውራ ጣቷ ሥር። ደሟ ፈሰሰ።

የደነገጠ ሰው የለም። ሐዘን ነው፣ አውቆ አይደለም አሉ። አንዲት አክስቴ ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ልትነሰንስ መጣች።

እኔ አዘዞ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ሰፈራችን እንዲህ የሆነ ውሻ ሰው በነከሰ ጊዜ የጤና ጣቢያ ሰዎች መጥተው አስተምረውናል። ለአንበሴ ውሃ በጣሳ አቀረብሁለት። ሊጠጣ ፈለገ። አፉን ነከረ። መዋጥ አልቻለም። የነገሩን ምልክት ይኸው ነው።

የእናቴን እጅ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ደጋግሜ አጠብሁ። አሁኑኑ ወደ ጎንደር እንሂድ አልኋት። እዚህ ላይ ነው ጣጣው የመጣው። ባሏ የሞተባት ሴት ሣልስት ሳይወጣ ከለቅሶ ቤት ብትወጣ ነውር ነው። አያ ቢሻው በሩ ላይ ቆመ።

«የወንድሜ ውሻ አብዷል ልትይ ነው? አፈሩ ሳይደርቅ ልታዋርጂው ነው?» አለኝ።

«አያ ቢሻው፣ አንቱም አብረውን ይሂዱ። ቁስልዎን ልሶዎታል» ብዬ ለመንሁት። የወንድሙን ውሻ በመርፌ እንደማያሰድብ ነገረኝ። አነጋገሩን ሰው ወደደለት፤ አገራችን ከሕክምና ይልቅ አማርኛ የሚያድን ይመስላታል።

እናቴም አመነታች። «ምነው ልጄ፣ ሣልስቱ እንኳ ሳይወጣ ከተማ ገባች ይሉኛል» አለችኝ። ይበሉ አልኋት። ደህናውን እጇን ይዤ በአያ ቢሻው ጎን አሾልኬ አወጣኋት። ከኋላችን ስድብ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለን ሐኪም ቁስሉን አይቶ ስለ ውሻው ጠየቀኝ። ነገርሁት። «ሬቢስ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለንም። አሁን ግን ጊዜ አለን።» ቁስሉ ዙሪያ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚሉትን፣ ክትባቱ እስኪሠራ የሚከላከለውን መድኃኒት ወጓት፤ ክንዷ ላይ ክትባቱን ጀመሩላት። ስለ አያ ቢሻውም ነገርሁት። «ፊት ለአንጎል ቅርብ ነው። ዛሬውኑ ይምጡ» አለ። ደወልሁ። ስልኩን ዘጋብኝ። የቀበሌዋን የጤና ባለሙያ ላክሁበት። እሷንም አባረራት። አንበሴ ወዲያው ሞተ፤ በሐዘን ሞተ ተብሎም በክብር ተቀበረ።

እናቴ ክትባቱን እስክትጨርስ እኔ ጋ አዘዞ ተቀመጠች፤ ሣልስቱ ያለ እሷ ወጣ፣ ሰማዩም አልተደፋም። ቀጠሮዋ በደረሰ ቁጥር በሚኒባስ እየሄድን፣ ስትመለስ ጥላ ሥር እያሳረፍኋት፣ ውሃ በጠጣች ቁጥር ደግሞ ጉሮሮዋን እንዳላየ ሆኜ እያየሁ፣ ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ለቀቀን። በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሙን «ታዲያ ውሻው አላዘነለትም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ውሻ ያዝናል፣ እማማ» አላት። «መብል ይቀንሳል፣ በር በሩን ያያል፣ ባለቤቱ በለበሰው ጋቢ ላይ ይተኛል። ግን ውሃ ይውጣል። ስሙን ሲጠሩት ይዞራል። መብል የተወውን ሁሉ ሐዘንተኛ ከማለት በፊት ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።» እናቴ ያን ቀን ተመልካች በሌለበት ለባሏ አለቀሰች፤ እውነተኛው ለቅሶ ያ ነበር።

ከአባቴ አርባ በኋላ አያ ቢሻው ግንባሬን ወረረኝ አለ። መብል ተወ። ብርሃን ሸሸ። የወንድሙ ሐዘን አሁን ገና ገባው ተባለ፤ ጨለማ ቤት አስተኙት። እኔና እናቴ ሰምተን ስንደርስ ውሃ ለመነ። ኩባያውን ሲያይ ጉሮሮው ተናነቀው። ያወቀኝ ይመስለኛል። ሞተ። ንቄው ነበር፤ ያን ፊት ካየሁ በኋላ እሱን መናቅ አልሆንልሽ አለኝ። ያጨበጨቡለትን ግን እንደናቅኋቸው አለሁ።

ለቅሶው ላይ ያችው አልቃሽ ተነሣች። ወንድሙን ተከትሎ ሄደ፣ ሐዘን ገደለው ብላ ጀመረች። እናቴ ከመሐል ተነሥታ ጠባሳዋን አሳየች። «ሐዘን አይደለም። ውሻው ነው የገደለው። እኔን ነክሶኝ ታክሜ ዳንሁ። ቢሻውን ያስታመማችሁ፣ ለሐጩን በእጃችሁ የጠረጋችሁ ዛሬውኑ ጎንደር ሂዱ» አለች። መጀመሪያ የተነሣችው የአያ ቢሻው ሚስት ናት፤ ባሏ ገና መቀበሩ ነበር። ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣች። በሩ ላይ የቆመባት ሰው አልነበረም።

ሐኪሙንና መርፌ የወጉልንን ነርሶች አመሰግናለሁ፤ እናቴን ከእነሱም አብልጬ። እናንተ ደግሞ ውሻ ቢነክሳችሁ ወይም ቁስላችሁን ቢልሳችሁ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል እጠቡ፣ በዚያው ቀን ሂዱ፣ ክትባቱን አታቋርጡ። ለቅሶ ቤትም ብትሆኑ ትታችሁ ሂዱ። መታማታችሁ አይቀርም፤ ሐሜቱን ግን በሕይወት ሆናችሁ ትሰሙታላችሁ።