የእትዬ እናኑ ንጽሕና

ትናንት የሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። ታጥቤ፣ ነጠላዬን ቀይሬ፣ ከበር ተመልሼ እንደገና ልታጠብ ስል ልጄ ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ ሠርግ ነው እንዴ የምትሄጅው?» እኔም ሳቅሁ፤ እትዬ እናኑ ትዝ አሉኝ።

ደብረ ታቦር በነርስነት የተመደብሁ ሰሞን ነው። ክረምት ነበር፤ እኔም ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እትዬ እናኑ ከገሳይ ወዲያ ካለ ገጠር፣ ያንን ጭቃ አቋርጠው፣ የገብስ ቆሎ በመቀነታቸው ቋጥረው ይመጣሉ። ቆሎውን ለእኔ ሳያካፍሉ ስለ ሕመማቸው አያወሩም። ሽንት ያቃጥላቸዋል፤ ሸንተው ሲነሱም ጠብ ጠብ ይልባቸዋል። ክኒን ሲውጡ ጥቂት ቀን ይሻላቸውና ይመለስባቸዋል። ሐኪማችን ደጋግሞ ቢመረምራቸውም ምንም አላገኘም።

አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ቤተ ክርስቲያን ከገባሁ አራት ዓመቴ፣ የኔ ልጅ። እየነጠበብኝ እንዴት ብዬ ልግባ? ከዛፉ ሥር ቆሜ ነው የማስቀድስ። አሁን ልጄ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሳ ነው። እሱንም ከውጭ ልስማው?»

አንጀቴን በሉት።

የዚያን ዕለት ውሃ ተቋርጦ ነበር። እሳቸው ደግሞ ሳይታጠቡ ምርመራ ክፍል ገብተው አያውቁም። «ዛሬ እንዲሁ ይግቡ» ብላቸው ደነገጡ።

«እብጠቷን ሳላፈሳት?»

«የትኛዋን እብጠት?»

«ከታች ያለችዋን። ስጫናት መግል ትተፋለች። ያንን ይዤ ሐኪም ፊት ልቅረብ? ነውር አይደለም እንዴ!»

ክው አልሁ። ለካ ስንፈልገው የከረምነውን በሽታ በየጊዜው አጥበው ነበር የሚመጡልን! ውሃውን በጆግ የማቀብላቸው እኔም አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ለምኜ፣ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ሐኪሙ በቀስታ ሲጫን እብጠቷ ተገኘች፤ መግሉም ወጣ። የሽንት መውረጃው ቱቦ ጎን ላይ ትንሽ ከረጢት ተፈጥራ፣ ሽንት እየተጠራቀመባት ኖሯል የምታመረቅዘው።

ትልቅ ሆስፒታል ተላኩ፤ ከረጢቷ በራጅ ታየች፤ በቀዶ ሕክምናም ወጣችላቸው። ሦስት ሳምንት ሽንት የሚያስወጣ የላስቲክ ቱቦ ገብቶላቸው ቆዩ። ቱቦው ሲወጣ ከእኛ ዘንድ መጡ። «እስቲ ያስሉ፤ ይነጥብ እንደሆነ እንይ» አልኋቸው። ሳሉ። ቀሚሳቸውን ዳበሱና ደረቅ መሆኑን ሲያውቁ እኔ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ።

ለክርስትናው ጠሩኝ። ከዚያ ዛፍ ሥር ማንም አልነበረም። እትዬ እናኑ ጫማቸውን ከእኔ ጫማ ጎን አወለቁና የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ገቡ።

ትናንት ያየችኝ ሐኪም ልጅ እግር ናት። ስለ ጉልበቴ ጠይቃ ስትጨርስ፣ «ሌላ የሚያምዎት ነገር አለ?» አለችኝ። ዓመት ሙሉ ለሰው መናገር ያፈርሁበት ነገር ነበረ፤ ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ መልሴ «የለም» ነው።

«አለ፣ ልጄ» አልኋት።