የደሴ አየርና ሁለቱ ሞተሮች

ባለፈው ወር ለልጄ ፀጉር የገዛሁት የጉሎ ዘይት ክዳኑ ላልቶ ቦርሳዬ ውስጥ ፈሰሰ። ልናደድ ሲገባኝ ቦርሳውን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ቆምኩ። ልጅ እያለሁ ያ ሽታ የሞተር ሽታ ነበር። ጋሼ ሰይድ ለትንንሾቹ የመጫወቻ አውሮፕላን ሞተሮቹ ነዳጅ ሲያዘጋጅ ስፒሪት ውስጥ የጉሎ ዘይት ይጨምርበታል። ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ልብሳችን ላይ ሁለት ቀን ይቆይ ነበር።

ጋሼ ሰይድ የእናቴ ወንድም ነው። ኮምቦልቻ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ይጠግን ነበር። እኛ የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ሲሆን አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሦስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ኑሩ አሥረኛ ክፍልን ሲጨርስ አባቴ አጠገቡ የስፌት መኪና ላይ እንዲቀመጥለት ይፈልጋል። ጋሼ ሰይድ ደግሞ "እኔ ዘንድ ወስጄ ሙያ ትምህርት ቤት ላስገባው" ይላል። ሁለቱ በዚህ ነገር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተነጋግረው አያውቁም፤ ግን አንዳቸውም ንቅንቅ አይሉም። አንድ ቀን አባቴ ኑሩ የሚሠራትን ትንሽ አውሮፕላን አንስቶ እያገላበጠ አያትና፣ "ሱቄን ዘግቼ ኮምቦልቻ አልወርድም። እዚሁ ስትበር በዓይኔ ልይ፤ ያኔ ስለ ትምህርት ቤቱ እንነጋገራለን" አለ።

አውሮፕላኗ እንደ ልቧ የምትበር አልነበረችም። ከክንፏ የሚወጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች መሃል ሜዳ ከቆመ ሰው እጅ ጋር ያገናኟታል። ሰውየው እጀታውን ይዞ አብሯት ይዞራል፤ እጁን ወደ ላይ ሲያዘነብል ትወጣለች፣ ወደ ታች ሲያዘነብል ትወርዳለች። ደህና አድርጎ ለያዛት ሰው በጀርባዋ ተገልብጣ ክብ ትሠራለች። ኑሩ አካሏን የጠረበው ከደረቀ የቃጫ ግንድ ነው፤ ሲይዙት ባዶ ሳጥን ያህል ይቀላል። ክንፏን ያለበስነው አባቴ ከኮት ገበር በተረፈው ሰማያዊ ጨርቅ ሲሆን ጠርዙን የሰፋው እሱ ራሱ ነበር። አላምንባትም እያለ ነው የሰፋው።

የቀረን ሞተር መምረጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍረን ቁልቁለቱን ወረድን። ደሴ ጭጋግ ለብሳ ሹራብ ደርበን ብንወጣም፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቡ ወገባችን ላይ ታስሯል። ጋሼ ሰይድ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ከአገር ሲወጣ የሰጠውን ሁለት ሞተሮች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልን። አንዷ ሎሚ ታክላለች፤ ሌላው ብርቱካን ያክላል።

"ትልቁ ይሻላል። ጉልበት አለው" አለ ኑሩ ወዲያው።

እኔ አውሮፕላኗን በሁለት ጣቴ ከክንፏ ሥር ደግፌ ሁለቱንም በየተራ አፍንጫዋ ላይ አስደገፍኳቸው። በትልቁ ወደፊት ድፍት ትላለች፤ በትንሿ ቀጥ ትላለች። ጋሼ ሰይድ ሁሉን አይቶ፣ "አንቺስ ዘህራ?" አለኝ። ትንሿን አልኩ። ሁለቱንም ሳንቃ ላይ አስሮ አስነሳቸው፤ ሳንቃውን ወደ ሰማይ ሲያቀናው የትንሿ ድምፅ አልተቀየረም፤ ጉልበቷ አልቀነሰም። "ልጅቷ ልክ ናት" አለ። ያን ዕለት ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ አውሮፕላኗ ሦስት ጊዜ በጀርባዋ ተገልብጣ ክብ ሠራች። እኔም ቀለል ያለውን ዙር ሞከርኩ፤ ሳሳርፋት ራሴ ዞሮብኝ ሣር ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ምሽት ከእኔ በላይ የኮራ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ሰፈራችን ካለው ሜዳ ዳር ቆመ። አውሮፕላኗ ተነሳች፤ ግን ድምፅዋ የደከመ ነበር። ኑሩ እጁን አዘነበለ። አውሮፕላኗ ወጣች፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ዘገየች፣ ሽቦዎቹ ረገቡ፤ ከዚያ በአፍንጫዋ መሬት ላይ ተከሰከሰች። አባቴ ሄዶ የተቀደደውን ክንፍ ከሣሩ ላይ አነሳና ጨርቁን በመዳፉ አስተካከለ። "አብሽር፣ አይዞህ" አለው ኑሩንና ወደ ሱቁ ተመለሰ። ኑሩ ግን ቤት ስንገባ፣ "የመረጥሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት አላናገረኝም። ትምህርት ቤቱን እኔ ያሳጣሁት መሰለኝ።

ሳምንቱ ሲሞላ ጋሼ ሰይድ ራሱ ወደ ደሴ ወጣ። ስብራቱን አየ፣ አጠያየቀ፣ ከዚያ ሁላችንም ባለንበት፣ "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። የደሴ አየር ስስ ነው። ፓምፕ እንኳ ከኮምቦልቻ ወደዚህ ሲወጣ እንደሚደክም እያወቅሁ እዚያ ቆላ ላይ የሰማሁትን አምኜ ፈረድኩ። ልጅቷ የጠየቅኋትን መለሰች፤ ስለ ደሴ አየር ያልጠየቅኋት እኔ ነኝ።" ኑሩ አንዴ አየኝና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ጋሼ ሰይድ በጨርቅ የጠቀለለውን ትልቁን ሞተር ከኪሱ አወጣ። "በል አፍንጫዋን አሳጥርላት፤ ክብደቱ ወደ ክንፉ ይጠጋል። ሞተሩን ደግሞ ዝግ አድርገን እናስኬደዋለን። ጉልበቱ የሚያስፈልገን ለመሮጥ ሳይሆን ሽቅብ ስትወጣ እንዳትዘገይ ነው።"

ኑሩ አውሮፕላኗን ሲጠግን ሳምንታት አለፉ። በዚያ መሃል መልሶ ያናግረኝ ጀመር፤ መጀመሪያ "መቀሱን አቀብይኝ" በማለት። አባቴ ሁለተኛ ጊዜ ሜዳው ዳር ሲቆም ኑሩ ሽቦዎቹን ዘረጋ፣ እጀታውን አነሳ፣ ከዚያ ሳይታሰብ ለእኔ ዘረጋልኝ። "አንቺ ያዢው። እኔ ሞተሩን ላስነሳ፤ ሲያስቸግር የማውቀው እኔ ነኝ" አለ። እምቢ ለማለት ጊዜ አልነበረኝም። ሞተሩ በወፍራም ድምፅ ተነሳ፤ ሽቦው እጄን ጎተተው። ሁለት ዙር ዝቅ ብዬ አበረርኳትና እጄን አዘነበልኩ። ወጣች። ጫፉ ላይ የሞተሩ ድምፅ ቀጠነ፣ ሽቦው ግን አልረገበም። ሰማያዊው ክንፍ ከራሴ በላይ ተገልብጦ አለፈና ወደ ቦታው ተመለሰ።

አባቴ ከዳር ሆኖ፣ "ማሻአላህ፤ ስፌቱ ጠንካራ ነው" አለ። መስከረም ላይ ኑሩ ኮምቦልቻ ሙያ ትምህርት ቤት ገባ።

ዛሬ ያ ሜዳ በቤት ተሞልቷል። ጋሼ ሰይድም በሕይወት የለም፤ አላህ ይዘንለት። ልጄ በስልኩ ላይ አውሮፕላን ያበራል፤ ሲከሰከስበት በጣቱ ነካ አድርጎ ሌላ ያወጣል። አልነቅፈውም፤ እሱ የሚያኮርፈውም የሚታረቀውም ሰው አያስፈልገውም። እኛ ግን አንዷን ይዘን ተጣልተን በእሷው ታረቅን።

ዘንድሮ ለዓረፋ ኑሩ ቤት ነበርን። አሁን ፀጉሩ ሸብቷል፤ የፋብሪካ ማሽን ይጠግናል። ከምሳ በኋላ ብቻችንን ተቀምጠን ስለዚያ ቀን ተነሳ።

"እጀታውን የሰጠሁሽ ለሞተሩ ብዬ አልነበረም" አለኝ። "አባባ ሲያየኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

"ያን ጊዜ ብትነግረኝ እኮ እኔም ፈርቼ አልቀበልህም ነበር" አልኩት።

"ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ" አለ።