ጃኬት በአዋሽ ሙቀት

ልጅ እያለሁ የአዋሽ ሰባት ኪሎን ሙቀት ያሳለፍኩት በጃኬት ነው። እኩዮቼ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ባቡር ጣቢያው ጥላ ሥር ብይ ሲጫወቱ፣ እኔ የአባቴን የሥራ ጃኬት እስከ አንገቴ ቆልፌ በላብ እቀቀል ነበር። ወፍራም ነበርኩ። "ደልደል ያለ" ምናምን የሚለውን ማቆላመጥ ተዉት፤ ወፍራም። ሠፈሩ "በርሜል" ይለኝ ነበር። እናቴ ግን ኩራቷ ነበርኩ። ጎረቤት ባየኝ ቁጥር "ማሻአላህ በሉ እንጂ!" እያለች ምግብ ትጨምርልኝ ነበር። በፍቅር ነው፤ አልወቅሳትም።

ትምህርት የተውኩት በዩኒፎርም ምክንያት ነው። ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ትምህርት ቤቱ ግቢ መጥተው አሰልፈው ይለኩን ነበር። እሳቸው ሜትሩን ይዘው ቁጥሩን ይጮኻሉ፣ ረዳታቸው ይጽፋል፤ የሙያው ደንብ ነው። የኔ ወገብ ሲጠራ ሰልፉ በሙሉ ተቀብሎ ደገመው። "ድንኳን ነው የሚሰፋለት!" አለ አንዱ። መምህሩም ሳቀ። በማግስቱ ቀረሁ፤ ቀስ በቀስ በቀን ከቤት መውጣትም ተውኩ። አባቴ ገረፈኝ፣ እናቴ ዓይን ነው አለች። እኔ ገላዬን ጠልቼ ብሞት ይሻላል እያልኩ እተኛለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም።

ዩኒፎርሜን የሚወስድ ሲጠፋ ጋሽ ሰይድ ቤታችን ድረስ መጡ። ጃኬቱን አዩት።

"አንተ ልጅ፣ በዚህ አገር ጃኬት? ወላሂ ትሞታለህ!"

"ሌላው ይጠበኛል።"

"ሸሚዝ ከጠበበህ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ገላህ ምን አደረገ?"

ሱቃቸው ወሰዱኝ። ረዳታቸውን ሻይ አምጣ ብለው ላኩና፣ በሩን ገርበብ አድርገው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ለኩኝ። ስስ ነጭ ሸሚዝ፣ እጅጌው አጭር። ለብሼው ስወጣ ነፋስ በብብቴ ገባ። ነፋስ እንደዚያ መሆኑን ረስቼው ነበር።

አልዋሽም፣ ሸሚዝ ሁሉን አያድንም። ስድቡ ቀጠለ፤ ትምህርት ቤትም አልተመለስኩም። ትምህርቴን የቀጠልኩት ጢሜ ሸብቶ ነው፣ እዚህ ሰመራ፣ በማታ ትምህርት። ግን በቀን ወጣሁ፤ ሰው ፊት ቆምኩ። እኔ ሰው የማመሰግን ሰው አይደለሁም። ጋሽ ሰይድን ግን አመሰግናለሁ፣ አላህ ይዘንላቸው።

አሁን ልጄ ዘሀራ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በውፍረት እኔን ወጥታለች። በቀደም ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወረወረች።

"አባዬ፣ ዛሬ 'ቦቴ መጣች' አሉኝ።"

"አንቺስ?"

"አለቀስኩ። ከዛ ለቲቸር ተናገርኩ።"

ልመክራት ፈልጌ ተውኩት፤ ከኔ አፍ የሚወጣው መራራ ነው። እሷ ግን እስከ መግሪብ ሶላት አወራች፣ እያለቀሰች፣ መሃል ላይም እየሳቀች። ሰማኋት። በኔ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ለአባት እንደሚነገር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷ ታውቃለች፣ አልሐምዱሊላህ። በማግስቱ ጠዋት፣ ዛሬስ ትቀር ይሆን ብዬ ፈርቼ ልቀሰቅሳት ስገባ፣ ቀድማኝ ትምህርት ቤት ሄዳለች።