ያልጮኸው ሳይረን

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሰዎች አስቀድማችሁ ይቅር በሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ከደረሱ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ብዕር ስይዝ እጄ ያልበኛል። ይህንንም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ሰው ይስቅብኛል ብዬ። ባለ ታሪኩ ግን «አንተ ጻፈው፤ እኔ ሽቦ እንጂ ቃል መቀጠል አልችልም» ስላለኝ ደፈርኩ። የተጣመመ ነገር ካለ የኔ ጥፋት ነው።

ሰውዬውን ሰፈሩ ሁሉ «ሽቦ» ነው የሚለው። አንድም ከሲታ ስለሆነ፣ አንድም ሃያ ዓመት ሙሉ የሌባ ማስደንገጫ ሲገጥም ስለኖረ። የራሱ ቤት በር መቀርቀሪያው ከወለቀ ዓመት አልፎታል። ሚስቱ «የሰውን በር ያስጠብቃል፣ እኛን ወንበር ነው የሚጠብቀን» እያለች ማታ ማታ በሩ ላይ ወንበር ታስደግፋለች።

ይህች ሚስቱ አንድ ታላቅ ወንድም አላት። ሽቦ «ጋሼ» ይለዋል። ማስደንገጫ በገጠመበት አንድ የጨርቅ መጋዘን ዘበኛ አድርጎ ያስቀጠረውም ራሱ ሽቦ ነበር። ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት መጋዘኑ ተሰረቀ። ሌቦቹ በጓሮ ገብተው የውስጡን ትንሽ ሳይረን ገና ድምፅ ሲያወጣ ነቅለው ጣቃ ጨርቅ ውስጥ ቀበሩት። ትልቁ ሳይረን ግን ውጪ፣ ከበሩ አናት ላይ፣ ልክ ከጋሼ መጠለያ በላይ ነው የተሰቀለው። ጋሼ «አልጮኸም። ቢጮህ ሙት እንኳ ይሰማው ነበር» አለ።

ሽቦ ተጠርቶ መጣ። የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ከፍቶ የተመዘገበውን አነበበ። ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ጮኋል፤ ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል» አለ።

ሳጥኑ የሚጽፈው «ጩኽ» ብሎ ማዘዙን ነው እንጂ ሳይረኑ መታዘዙን አይደለም። ሽቦ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያን ቀን ግን የተጠረጠረው የገዛ ሥራው ነበርና ምላሱ ቀደመው። ለውስጡ አዲስ ሳይረን ገጠመ፣ ሞከረው፣ ጆሮ በጠሰ፣ ሁሉም ረካ። የውጪው ሰፈር ይረብሻል ተብሎ ሳይሞከር ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጋሼ «ወይ ተኝቷል፣ ወይ ተባብሯል» ተብሎ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ዘበኛ አድርጎ የሚቀጥረው ጠፋ። መኪና አጣቢ ሆነ። የእህቱንም ደጃፍ ዳግመኛ አልረገጠም።

እንግዲህ በቅርቡ ያ ሳጥን አረጀና ይቀየር ተባለ። ሽቦ በጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ከሳጥኑ የሚወጣውን ሽቦ ሁሉ እየቆጠረ ቁጥር ለጠፈበት፣ አሮጌውን ፈታ፣ አዲሱን ሰቀለ፣ አንድ በአንድ አሰረ። መብራት ሲለቅበት ከአዲሱ ሳጥን ፊት ያለችው፣ ጽሑፍ የምታሳየው ትንሽ መስታወት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። የመጋዘኑ ኃላፊ ከኋላው ቆሞ ነበር።

«ምን ትላለች?»

«የውጪው ሳይረን የለም ትላለች።»

«አናታችን ላይ ተሰቅሎ?»

«አሮጌው ሳጥን ይህን አይጠይቅም ነበር። ይቺ መስመሩን ራሷ ትፈትሻለች።»

«ገና ከመምጣቷ ነገር ፍለጋ» አለ ኃላፊው።

ሽቦ መሰላሉን ውጪ አቁሞ ወጣ። የሳይረኑን ክዳን ሲከፍት የወፍ ላባና አቧራ ፊቱ ላይ ተራገፈ። በመለኪያው ነካ ነካ አደረገው። ከሳጥኑ ምንም ኃይል አይመጣም። ሳይረኑ ሞቶ እንደሆነ ብሎ ከቦርሳው ባትሪ አውጥቶ በቀጥታ ቢያስነካው፣ ከዚህ እስከዚያ መንደሩን አናወጠው። ከታች አንዱ ተሸካሚ ጥቅሉን ጥሎ «አንተ ሰውዬ፣ ነፍሴን መልስ!» አለው። ሳይረኑ ደህና ነው ማለት ነው። የታመመው መስመሩ ነው።

ወረደ። ግድግዳው ላይ የቀረውን የአሮጌውን ሳጥን የኋላ ብረት ፈታና በግድግዳው ቀዳዳ ጣቱን አስገባ። ሁለት የሽቦ ጫፎች ተስበው ወጡ። በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል። የናስትሮው ጫፍ ደግሞ በኋላ ለመላጥ እንዲመች ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ሽቦ ክው አለ። ናስትሮ እንዲህ የሚያጥፈው እሱ ነው። አብረውት የሚሠሩት «ለናስትሮው እጀታ አበጀለት» እያሉ ይስቁበታል።

ትዝ አለው። ከስርቆቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሊፈትሽ መጥቶ ነበር። ሲፈትሹ ጎረቤት እንዳይሸበር የውጪውን ሳይረን መፍታት የሙያው ልማድ ነው፤ ሲጨርሱ መልሶ ማሰር ነው። ያን ቀን መሐል ላይ ስልክ ተደወለለት፤ አውርቶ ሲጨርስ ሳጥኑን ዘግቶ ሄደ። አበቃ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳጥኑ ሲያዝዝ የኖረው ግድግዳውን ነው።

ጫፎቹን ልጦ አሰራቸው። መስታወቷ ዝም አለች። እሱ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ዘበኛው እውነቱን ነበር» አለ። «አልጮኸም። ፈትቼ የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ወደ በሩ ተመለከተ። «አሁንስ ይጮሃል?»

«ይጮሃል።»

«እንግዲያው ምን ቀረ? ሰውዬው ሄዷል፣ ነገሩ ተዘግቷል። ሆድ ይፍጀው በል። ለኔም ላንተም አይበጅም።»

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ፈታችው፣ እንደገና አጥፋ ፈታችው። በመጨረሻ «ለኔ ብትነግረኝ ምን ያደርግልኛል? ያባረርኩት እኔ አይደለሁም» አለችው።

ሳይመሽ መኪና ማጠቢያው ሄደ። ጋሼ ተንበርክኮ የጭነት መኪና ጎማ ይፈትጋል። ጢሙ ሸብቷል።

«ጋሼ» አለ ሽቦ፤ «አልጮኸም ነበር።»

ጋሼ ቀና አላለም። «ለኔ ነው የምትነግረኝ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ፈትቼው ረስቼ…»

«እኔማ ድሮም አውቃለሁ። ‹ጮኋል› ያልከው ማን ፊት ነበር?»

«ሰው ፊት።»

«እንግዲህ» አለ ጋሼ ጨርቁን እየጨመቀ። ከዚያ፣ «እግርህን አንሳ። ቱቦውን ረግጠኸዋል።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሲያድር ግን የሚያረጅም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሽቦ ሥራ ሳይኖረው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተገኘ። ሠራተኞቹ በር እስኪከፈት ተሰብስበው ቆመዋል። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ያኔ ስትሰረቁ ሳይረኑ አልጮኸም ነበር። ጮኋል ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ዘበኛው አልተኛም፣ አልሰረቀም» አለ።

ተያዩ። አንዲት ወጣት ጨርቅ ለቃሚ፣ «የቱ ዘበኛ?» አለች።

ለካ ሠራተኛው ከግማሽ በላይ ተቀይሯል። ከድሮዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌው ተሸካሚ፣ «ያ ሌባው ነዋ» ብሎ አስረዳት።

«ሌባ አልነበረም» አለ ሽቦ።

«እሱን ነው የምልህ፣ ሌባ የተባለው» አለ ሽማግሌው።

ኃላፊው ሽቦን ሳያይ ቁልፉን አውጥቶ በሩን ከፈተ። ሰዎቹ አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። ሽቦ ከመቃኑ ጎን ቆመ። እያንዳንዱ በአጠገቡ ሲያልፍ «አልጮኸም ነበር» ይለዋል። አንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል፤ አንዳንዱ ሰላምታ መስሎት «እግዜር ይመስገን» ይላል። አርፍደው የሚመጡትንም ጠብቆ ነገራቸው፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ።