እንዶድ የገባበት ማንቆርቆሪያ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ለሻይ የጨመቀችውን ግማሽ ሎሚ የከሰል ምድጃዋ አመድ ላይ ወርውራው አለፈች፤ ሎሚው እርጥቡ አመድ ላይ ሲያርፍ ጭስስ ብሎ ትንሽ አረፋ አወጣና ያ ኮምጣጣ፣ አፈር አፈር የሚል ሽታ አፍንጫዬ ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ልብም አይለውም። እኔ ግን ባንድ አፍታ ከሚሴ፣ አባዬ ግቢ፣ ከሽንት ቤታችን ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ ራሴን አገኘሁት፤ ዕድሜዬም ዘጠኝ ሆነ። የሰው ልጅነት በአበባ ሽታ ሲመለስ የእኔ በሽንት ቤት ከተመለሰ ምን ላድርግ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቤታችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ ቀኑን ሙሉ እየረገጠ፣ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ በድምፁ እየለየ ይውል ነበር። አንድ ዓመት መንገድ ጠጋኞች ከሰፈራችን አጠገብ ድንኳን ተክለው ከረሙና ሲሄዱ፣ ልብሳቸውን ስለጠጋገነላቸው ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ትተውለት ሄዱ። ሌላ ሰው ቢሆን እንግዳ መቀበያ ክፍሉን ያስለስንበት ነበር፤ አባዬ ግን «እንግዳ የሚከበረው ጓሮ ነው» ብሎ የሽንት ቤቱን ወለል አስደረገበት። በሰፈሩ እንዲህ ያለ አልነበረምና ጎረቤቱ ሁሉ የሙሽራ ቤት እንደሚያይ እየመጣ ጎበኘው። እማዬ ብቻ አልተደነቀችም። «የድሮው የእንጨት ወለል ገመና ይሸፍን ነበር፤ ይኸ ግን ሁሉን ይናገራል» አለች።

እውነትም ይናገር ነበር። በክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውሃ ሲተኛበት ጉድጓዱም ከሥር እየረጠበ ሽታው ይነሳል፣ ዝንቡ ደግሞ ከሰንበቴ ገበያ ከብት ተከትሎ የመጣ ይመስል ግቢውን ይሞላው ነበር። ያኔ መድኃኒታችን አመድ ነበር፤ ታላቅ እህቴ ሩቂያ በአሮጌ ወንፊት ነፍታ ታመጣዋለች፣ እኔ ወደ ጉድጓዱ እበትነዋለሁ፣ ሽታውም ዝንቡም ለሁለት ቀን ያህል አደብ ይገዛል። ዋናው እጥበት ግን የሐሙስ ነበር፤ ግቢው ለጁምዓ ንጹሕ ሆኖ እንዲያድር እማዬ ከቀትር በኋላ ሁለታችንንም ወደ ጓሮ ትነዳን ነበር። ወለሉን በውሃ እናርስና አመድ ከባቲ ከሚመጣው ጨው ጋር ደባልቀን እንነሰንስበታለን፣ ከዚያ በግማሽ በግማሽ ሎሚ ጉልበታችን እስኪዝል እንፈትገዋለን። ሎሚው አመዱን ነክቶ ጭስስ ባለ ቁጥር ሩቂያ «ሰማሽው? ሸይጧኑ ሲወጣ» ትለኝ ነበር፤ እኔም አምናት ነበር። በመጨረሻ በሩ ላይ አንድ እስር አሪቲ አንጠልጥለን፣ እጃችንን ሎሚ እያቃጠለን፣ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብለን እናርፍ ነበር።

ዝናቡ አልፎ ኅዳር ሲጋመስ የእንዶድ ወቅት ይመጣል። ከቦርከና ዳር ካለው ቁጥቋጦ ፍሬውን በቁና ለቅመን እናመጣና ቆጥ ላይ አስጥተን፣ ሲደርቅ እንወቅጠዋለን። እንዶድ መውቀጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብናኙ አፍንጫ ከገባ ሰው ስሙን እስኪረሳ ያስነጥሰዋል፤ ዓይን ከገባማ አይነሳ። ውሃ ውስጥ ሲመታ ግን አረፋው እንደ ታለበ ወተት ይነሳል፤ በእሱ ያጠብነው ወለል ሲደርቅ ይነጣ ነበር። ታዲያ እማዬ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራት። ሽንት ቤቱ ውስጥ ለመታጠቢያ የምትቀመጥ ትንሽ ማንቆርቆሪያ ነበረች፤ ውጭ፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ በላይ፣ ምሰሶው ላይ ደግሞ ከሰላት በፊት የምንታጠብባት ትልቋ የውዱእ ማንቆርቆሪያ ትሰቀል ነበር። ትልቋን ከንጹሕ ውሃ በቀር ምንም አይነካትም፤ የእንዶዱ ውሃ መያዣ አንገቱ የተሸረፈ አሮጌ ቅል ነበር። እማዬ ይህን ሕግ በየሐሙሱ ታስታውሰን ስለነበር መስማት ትቼ ነበር።

በዚያ ዓመት አባዬን አንድ ወጣት ሱሪ አሰፋው። ይማም ይባላል፤ የሰንበቴ ልጅ ነው፣ በከተማችን ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። በጥቅምት አንድ ሱሪ አሰፋ፣ በኅዳር ሌላ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ጠበበኝ ብሎ መጣ፣ ከዚያ ሁለተኛው ሰፋኝ ብሎ መጣ። እማዬ «ይኸ ልጅ ሲከሳና ሲወፍር ሊሞት ነው» ማለት ጀመረች። ሩቂያ ደግሞ እሱ በመጣ ቁጥር በረንዳው ላይ የምትጠርገው ነገር አገኘች። አባዬ ሲገባው ፊቱን አጠቆረ፤ በልቡ ባቲ ላለ የእህቱ ልጅ አስቧት ነበርና። ይማም የላካቸው ሽማግሌዎች ሲመጡ አንድ ጊዜ በዝምታ፣ አንድ ጊዜ «ዘመድ ላማክር» ብሎ መለሳቸው። በሦስተኛው ግን ቃል ይሰጣል ወይም ይነሳል፤ ደንቡ ይኸው ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመላለስ የለም። ሩቂያ እህል በአፏ አልዞር አላት። እኔም እውነቱን ልናገር፤ ከእሷ ጋር ባንድ መደብ እየተኛሁ ያደግሁ ነኝና ሽማግሌዎቹ መንገድ ስተው ቢቀሩ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስተኛው ቀን በጥር ውስጥ ዋለ። የሚመጡት የይማም አጎት ሼህ ሰይድና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሼህ ሰይድ ደግሞ በንጽሕና የታወቁ፣ እርጥብ መሬት አይተው ልብሳቸውን የሚሰበስቡ ሰው ናቸው ተብሎ ስለነበር እማዬ ከማለዳ ጀምሮ አላረፈችም። ሩቂያ ያን ቀን ከጓዳ አትወጣም፤ የምትታጨው ልጅ በሽማግሌ ፊት አትታይም። ስለዚህ ሽንት ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዬ ወደቀ። በአመዱም በሎሚውም ልክ እንደተማርኩት ፈተግሁት። እንዶዱን መትቼ አረፋውን ሳስነሳ ግን ያ አሮጌ ቅል ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ለእማዬ ልንገር ብል ቁጣዋን ፈራሁ። ትልቋን ማንቆርቆሪያ አውርጄ የተረፈውን እንዶድ መታሁባት፤ አፏም ረጅም ነውና የወለሉን ጥጋጥግ እንዴት አድርጋ እንዳዳረሰችልኝ አይቼ እንዲያውም በብልሃቴ ኮራሁ። ገና ግማሹን አፍስሼ «መጡ» የሚል የእማዬ ድምፅ ተሰማ። ማንቆርቆሪያዋን ከነእንዶዷ ምሰሶው ላይ መልሼ ሰቅዬ፣ በኋላ አጥባታለሁ ብዬ ሮጥኩ።

ሽማግሌዎቹ ሰላምታቸውን በኦሮምኛም በአማርኛም ጨርሰው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው ተጨዋውተው፣ ገና ወደ ጉዳዩ ሳይገቡ የአስር ሰላት ደረሰ። ሼህ ሰይድ ወደ ጓሮ አሉ። ከሽንት ቤቱ ሲወጡ ከአጥሩ ሥር ሆኜ ፊታቸውን አየሁት፤ ቆም ብለው ወለሉን እንደገና ዞረው ተመለከቱና «ማሻአላህ» አሉ። ልቤ በደስታ ሞላ። ቀጥሎ እጃቸው ወደ ምሰሶው ሲሄድ ግን ያ የሞላው ልቤ ከእግሬ ሥር ወደቀ። እማዬን ፈርቼ በአጥሩ ተከለልኩ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ተጉመጠመጡና ፊታቸው ጨምደድ አለ፣ ምርር ብሏቸው መሆን አለበት፤ ግን የጨዋ ነገር፣ ምንም ሳይሉ በአፍንጫቸው ሳቡት። ከዚያ ፊታቸውን ታጠቡ።

የዚያን ቀን ማስነጠስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሼሁ ባስነጠሱ ቁጥር «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እየሮጡ «የርሐሙከላህ» ይሏቸዋል፤ እስከ ሦስተኛው ድረስ እንደ ሥርዓቱ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ግን ምስጋናውም ምርቃቱም ማስነጠሱ ላይ ሊደርስ አልቻለም። ጺማቸው አረፋ ሞልቶታል፣ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ በእጃቸው አየሩን እየዳበሱ «ቢሻን፣ ቢሻን» ይላሉ፤ ውሃ፣ ውሃ ማለታቸው ነው። አንደኛው ሽማግሌ ከዘራውን አነሳ። «ልጄን አልሰጥም ማለት ያባት ነው» አለ ወደ አባዬ ዞሮ፤ «የሽማግሌ ዓይን ማጥፋት ግን የማን ደንብ ነው? ተነሱ እንሂድ።» አባዬ ይማምን አለመፈለጉን ሁሉም ያውቃልና፣ ያን ጊዜ ቢምል ማን ያምነዋል?

ያኔ ነው ሩቂያን በዓይነ ልቦናዬ ያየኋት፤ በእኔ የተነሳ ዕድሜዋን ሙሉ በረንዳ ስትጠርግ። አጥሩን ይዤ ቆምኩና «እኔ ነኝ» አልኩ። «እንዶድ ነው። ቅሉ ተሰበረብኝና በማንቆርቆሪያዋ አደረግሁት። አባዬ አያውቅም፣ አፉ በሉኝ።» ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ ሩቂያ ከጓዳ ወጣች። የመጠጥ ውሃውን ገንቦ በሁለት እጇ አቅፋ፣ በአባዬ ፊት አልፋ፣ ሼሁን በክንዳቸው ይዛ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ከዚያም ገንቦው እስኪገባደድ ዓይናቸውን እያጠበች «ይክፈቱት፣ አይፍሩ፣ አሁን ይተዋል» ትላቸው ነበር። ማንም አትታይም ብሎ የከለከላት የለም።

ሼሁ በመጨረሻ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ፤ እንደ በርበሬ ቀልቷል። መጀመሪያ ያዩት የእሷን ፊት ነው። «ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ሲሉ፤ «እንድታዪኝ ነው የመጣሁት ወይስ እንዳይሽ?» ከዚያ እኔን አስጠርተው ጺማቸውን እያደራረቁ «አንቺስ፣ ሽንት ቤቱን ያጠብሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አዎን አልኩ፣ እንባዬ እየወረደ። «ወላሂ፣ እንዲህ የጸዳ አይቼ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዶድ ያነጣል፣ ውዱእ ግን አይሆንም። ንጹሕ ውሃ አምጭልኝና እንደገና ልጀምር።» ከዘራ ያነሳው ሽማግሌ ቀድሞ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፣ አባዬ መጨረሻ ላይ ሳቀና ሳቁ ሳያልቅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሰግደው ሲመለሱ አባዬ ዘመድ ላማክር አላለም። «ልጄ ራሷ ወጥታ መልሳለች፤ እኔ ምን እጨምራለሁ» አለና ቃሉን ሰጠ። እፎይ የሚለውን ቃል ያን ቀን ነው የተማርኩት ብል አላጋነንኩም፤ ጓሮ ሄጄ ማንቆርቆሪያዋን አጥቤ አጥቤ ምሰሶው ላይ ሰቀልኳት።

በልግ ዘንቦ ሜዳው አረንጓዴ ሲሆን ሩቂያ ተድራ ሰንበቴ ገባች። መደቡ ሰፋኝ፣ አለቀስኩ፤ በየሐሙሱ ብቻዬን እየፈተግሁ አደግሁ።

ዛሬ ሽንት ቤቴ ነጭ ሸክላ ነው፤ ከጠርሙስ ሰማያዊ ፈሳሽ ጠብ አድርጌ፣ ጓንት አጥልቄ፣ ቧንቧ ከፍቼ እጨርሳለሁ። ያኔ ከቀትር እስከ አስር ይፈጅ የነበረው ሥራ ዛሬ ሻይ እስኪፈላ አይፈጅም፤ የተሰነጠቀ እጄንም አልናፍቀውም፣ ተገላገልኩ። የማይቀለኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ቢቀሩ ብዬ የተመኘሁት። እህቴን በእንዶድ ሳይሆን በምኞቴ ላበላሽባት ነበር የሚል ሐሳብ ሃምሳ ዓመት አብሮኝ ኖሯል።

በቀደም ሰንበቴ ሄጄ ጉልበቷን እያሸሁላት ነገርኳት። «ምነው እስከ ዛሬ ይህን ተሸክመሽ» አለች ሩቂያ። «የወጣሁት ዓይናቸውን ላጥብ ብቻ መሰለሽ? ሽማግሌው ተነሱ እንሂድ ሲል ሰምቼ፣ ከሄዱ ልከተላቸው ነበራ።»

የዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ሽማግሌ ተከትላ መሄድ ምን ማለት እንደነበር እኔና እሷ እናውቃለን፤ ካባት ቤት እስከ ወዲያኛው መቆረጥ ነው። የልጅ ልጆቿ አያውቁትም፤ የወደዱትን ይዘው ይመጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ለአባት ይነገራል። ጉልበቷን ማሸቴን ቀጠልኩ፤ እጄ ግን ቀሎኝ ነበር።