የውሃ አባቱ ሐውልት

ካራንግጃቲ መንደርነቷ የቀረው በአንድ ማክሰኞ ነው። ሰኞ ማታ ገበሬዎች ሆነን ተኝተን ጠዋት የከተማ ነዋሪዎች ሆነን ተነሣን። ለዶሮዎቹ የነገራቸው አልነበረም መሰለኝ፣ እንደ ወትሮው ጮኹ።

ከተማው ለሁሉም ቦታ አገኘለት። የጎሽ በረቱ መኪና ማጠቢያ ሆነ፤ የመንደሩ ሹም ማኅተም የሌለው ጸሐፊ ሆነ። ቦታ ያጡት ምባህ ዋጊሚን ብቻ ናቸው፤ «ምባህ» በእኛ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ምባህ ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ አባት ነበሩ፤ የቦዩን በር እየከፈቱና እየዘጉ ለእያንዳንዱ የሩዝ ማሳ በተራ ውሃ ያደርሱ ነበር። በውሃ ተራ ወንድም አያውቁም። ለገዛ እህታቸው እንኳ ከተራዋ በፊት ጠብታ አላሳለፉም።

ዛሬ በማሳዎቹ ላይ «አረንጓዴው ማሳ» የሚባል የቪላ ሰፈር ቆሟል። የተረፈው የምባህ ቁራሽ መሬት ነው፤ ከመረብ ኳስ ሜዳ አይበልጥም። እዚያ የሚዘሩት የመንደራችንን ጥቁር ሩዝ ነው። ሌሎቻችን ዘሩን ቀቅለን ከበላነው ቆይቷል።

በዚህ በጋ ሩዙ ዘለላ ሊያወጣ ሲል ከተማው ገበሬን ለማክበር ወሰነ። ዶማ ይዞ የቦይ በር የሚከፍት ሰው ሐውልት ተሠራ። ቦታው በጥንቃቄ ተመርጦ የሲሚንቶ መሠረቱ በቦዩ በር ላይ ፈሰሰ፤ ቦዩም ተደፈነ።

የከተማው የባህል ሹም ፓክ (አቶ) ሄንድራ ምባህን ወስዶ ሐውልቱን አሳያቸው።

«እንኳን ደስ ያለዎ ምባህ። ይህ እርስዎ ነዎት።»

ምባህ ቀና ብለው አዩት። «ዶማውን ገልብጦ ነው የያዘው።»

«ጥበብ ነው።»

«ከእግሩ ሥር በር ነበረ።»

«ለዚህ እኮ ነው ቦታው የተመረጠው።»

«ሩዜ በዚህ ሳምንት ውሃ ካላገኘ የማጭደው ገለባ ነው። ዘሩ ደግሞ ሌላ ሰው ዘንድ የለም።»

«ማመልከቻ ያስገቡ፣ ከምርቃቱ በኋላ እናየዋለን። የክብር እንግዳ እርስዎ ነዎት፤ አደራ፣ ነጠላ ጫማ እንዳያደርጉ።»

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው ሰው ፈገግ ይላል። ምባህም ፈገግ ብለው አመሰገኑ።

በሐውልቱ ዙሪያ አበባ ተተከለ። አበባ ውሃ ስለሚጠማው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቦቴ መኪና ይመጣ ጀመር። ሾፌሩ የመንደራችን ልጅ ፓይዲ ነው። ምባህ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ፓይዲ ልጄ፣ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ብቅ በል።»

ፓይዲ ሞተሩን አጠፋ። «ምባህ፣ የአባቴ ማሳ ስንተኛ ነበር?»

«አሥራ አራተኛ። የመጨረሻው።»

«ሩዛችን የደረቀ ዓመት ሲለምንዎት ምን አሉት?»

«ተራህን ጠብቅ።»

«እንግዲህ አበቦቹ አሥራ ሦስት መደብ ናቸው።»

ምባህ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሐውልቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ፓይዲ ሳይቸኩል እያንዳንዱን መደብ አጠጣ።

«ሰባተኛው በዛበት» አሉ ምባህ።

«አሁንም አለቃ ነዎት እንዴ?»

«እኔ አሥራ አራተኛ ነኝ። ያ የሚፈሰው የእኔ ነው።»

ፓይዲ ሳቁን መያዝ አቃተው። አሥራ ሦስተኛው ሲያበቃ የውሃ ጎማውን ስቦ የምባህ ማሳ ውስጥ ለቀቀው፤ ቦቴው እስኪደርቅም አልዘጋውም። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን።

በምርቃቱ ቀን የክብር እንግዳው ወንበር ባዶ ነበር። ድምፅ ማጉያው የከተማው እንክብካቤ የገበሬውን ውሃ እንዳላቋረጠ ሲያወራ ፓክ ሄንድራ በላብ ተጠምቆ ወደ ማሳው ሮጠ። ምባህ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ጎማውን ይዘዋል፤ ከአጠገባቸው ዘለላው ወጥቷል።

«ምባህ፣ ከንቲባው እየጠበቁዎት ነው።»

«ይጠብቁ» አሉ ምባህ። «ገና አሁን ተራዬ ደረሰ።»