ለሙቅቢል ማን ይንገረው

ደብረ ብርሃን፣ ከገበያው ከፍ ብላ የምትገኘውን ያችን ጠባብ ሱቅ ሰዉ ሁሉ «ዓረብ ቤት» ነበር የሚላት። ባለቤቷ ሙቅቢል ይባላል፤ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ዘቢድ ከምትባል የየመን ከተማ፣ በሃምሳ ዓመተ ምሕረት አጎቱን ተከትሎ የመጣ ሰው ነው። ሙቀት ያሳደገውን ልጅ አምጥቶ ደብረ ብርሃን ላይ መጣል፣ ግፍ እኮ ነው! የመጀመሪያው ኅዳር ውርጭ ጆሮውን ሲልጠው እንደ ሕፃን አልቅሷል ይላሉ። እሱ ግን ይክዳል።

አብዮቱ ሲመጣ ዓረቦቹ አንድ በአንድ ሱቃቸውን እየዘጉ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አጎቱም ሄደ። «አንተስ?» ሲሉት «የሚመጣው ዓመት» ይላል። «ሚስትስ?» ሲሉትም መልሱ ያው ነው። እንዲህ እያለ ከመጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። ስኳሩ ወደ ቀበሌ ሱቅ ሄዶ እሱ ጋ የቀረው ጨው፣ ክብሪት፣ መርፌና ላምባ ብቻ ነው። ምሳውን ባንኮኒው ላይ ቆሞ ይበላል፤ ብቻውን ለሚበላ ሰው መቀመጥ ምን ያደርግለታል? ከሁሉ የከፋበት ግን ሕልሙ ነበር። ማለም የጀመረው ባማርኛ ነው፤ እናቱ በሕልሙ ስትመጣ የሚላትን አትሰማውም። ይህን ለጎረቤቱ ለልብስ ሰፊው ለገብረ ሕይወት ሲነግረው «ታዲያ ባማርኛ አስተምራታ!» ብሎ ሳቀበት። ሙቅቢልም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም።

ሙቅቢል ፊደል አልቆጠረም። በዓመት አንዴ ሁለቴ ከእኅቱ የሚመጣለትን የዓረብኛ ደብዳቤ የሚያነቡለት ሼህ አብዱልጀሊል ናቸው፤ የዓልዩ አምባ ተወላጅ ናቸው፣ በመስጊዱም የሚያሰግዱት እሳቸው ናቸው። መልሱንም እሱ እየነገራቸው የሚጽፉለት እሳቸው ናቸው።

በሰባ ሁለት ጥቅምት አንድ ደብዳቤ መጣ። ሼሁ ከፍተው በዓይናቸው እስከ ታች ወረዱ።

«እናቴ እንዴት ናት?» አለ ሙቅቢል።

ሼሁ ቀና ብለው አዩት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ «ሰላም ብላሃለች።»

እናቱ ግን ከሞተች ሁለት ወር አልፏት ነበር። በረመዳን፣ በጾም ላይ እንዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ባለችበት አልፋለች። ደብዳቤው የሚለው ይህን ነው። በሃይማኖቱ ወዲያው መንገር እንደሚገባ ሼሁ ያውቃሉ፤ ሆኖም የሙቅቢል ዓይን ደብዳቤው ላይ ተተክሎ ሲያዩት አፋቸው አልታዘዝ አላቸው። ከዚያ ሄደው የዕድሩን ሰዎች አማከሩ። ምነው ባላማከሩ!

በአገሩ ወግ መርዶ እንዲያው በመንገድ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውማ ጭራሽ። ዘመድ ይጠራል፣ እህል ውሃ ይሰናዳል፣ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ሄደው ሰውየውን ከበው ይነግሩታል። የሚናገረውም የሥጋ ዘመድ ነው። ሙቅቢል ደግሞ ከዚህ አገር አንድ የሥጋ ዘመድ የለውም። «ድሬዳዋ አንድ የአክስት ልጅ አለው ይባላል» አለ አንዱ። ላኩበት። ባሕር ከተሻገረ ቆይቷል የሚል መልስ ለመምጣት አራት ወር ፈጀ። «እንግዲህ ማን ይንገረው?» ተባባሉና ዛሬ ነገ ሲሉ ከተማው ሁሉ አወቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያላወቀው ባለቤቱ ብቻ ነበር።

ሰው ሐዘን ሲደብቅ ደግሞ ያስታውቅበታል። ሙቅቢል ወደ ገብረ ሕይወት ቤት ብቅ ሲል ጨዋታው ይቆማል። የግድግዳ ጎረቤቱ እትዬ እናናየሁ ሬዲዮኗን ትቀንሳለች። ያለ ወትሮዋ ሾርባ ታመጣለታለች፤ ሲበላም ቆማ ታየዋለች። ዘመኑ ደግሞ ሰው ሲያዩ ዝም ማለት የሚያስበረግግበት ዘመን ነው። ስሙ ከሆነ ቦታ የተነሣ መሰለው፤ እንቅልፍ አጣ።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለው ገብረ ሕይወትን አንድ ቀን። «ሊያስሩኝ ነው?»

«ኧረ ወዲያ! አንተን ደግሞ ለምን ብለው? በላምባ አሻጥር?» አለና ገብረ ሕይወት ፊቱን ወደ ስፌቱ መለሰ።

ያኔ ነው ሙቅቢል የቆረጠው። የሚመጣው ዓመት ቀረ፤ ዘንድሮ ይሄዳል። እናቱን በዓይኑ ያያል። ለመውጫ ፈቃድ አመለከተ፤ አዲስ አበባ ተመላለሰ፤ እግዜር ሲለው በግንቦት መጀመሪያ ፈቃዱ ወጣለት። ያን ቀን ከአውቶቡስ ሲወርድ ሌላ ሰው ሆነ። በጣርማ በር ሱፍ የተሠራ ወፍራም ባና ለእናቱ ገዝቶ ለእትዬ እናናየሁ አሳያት።

«አገራችሁ እሳት ነው አላልከኝም እንዴ፣ አንተ?»

«አርጅታለች እኮ፣ እትዬ። አሮጊት ሰው ይበርደዋል።»

እናናየሁ ባናውን በእጇ ዳሰሰች። «ጥሩ ነው» አለችው። ቤቷ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ አለቀሰች። ያንኑ ቀን ዕድሩን ሰብስባ ጮኸችባቸው፦ «ሰውየው በሚቀጥለው ሰኞ ሊሄድ ነው! በር አንኳኩቶ እማዬ ሊል ነው! ምን ዓይነት ጉዶች ናችሁ? ዘመድ ከጠፋ እኔ እነግረዋለሁ!»

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ ከደጃፉ ቆመ። ሙቅቢል ብድግ አለ። መጡብኝ ነው ያለው። ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ላይ እንደ ያዘ በሩን ከፈተ።

መሣሪያ የያዘ የለም። ሼሁ ከፊት ናቸው፤ ገብረ ሕይወት ጋቢውን አጣፍቷል፤ እናናየሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብሯቸው የኖረ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ በዚህ ሰዓት ከእነሱ ጋር የስንቱን ደጅ ረግጧል። ማንም ሳይናገር ገባው። ፈቃዱ ከእጁ ወደቀ።

«እናታችን» አለች እናናየሁ። «እናታችን ሞታብናለች፣ ሙቅቢሌ።»

«መቼ?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«መቼ አልኩ እኮ!»

«በረመዳን» አሉ ሼሁ። «ደብዳቤው የደረሰኝ በጥቅምት ነው።»

ሙቅቢል በጣቱ ሊቆጥር ሞከረ፤ ተወው። «በጥቅምት! ሰባት ወር ሙሉ ስበላ፣ ስስቅ አያችሁኝ? በእኛ አገር ሰው በሞተበት ቀን ይቀበራል፣ በዚያው ቀን ይነገራል! እኔ ምንድን ነኝ? ልጇ አይደለሁም?» ማንም ሊይዘው አልደፈረም። በድንገት ወደ ሼሁ ዞረ። «የደብዳቤው መልስስ? እርስዎ አይደሉም የጻፉልኝ? ‹ጤና ይስጥሽ፣ እመጣለሁ ጠብቂኝ› በሉልኝ አላልኩም? ለሞተች ሴት ነው የጻፉት?»

«አልጻፍኩትም» አሉ ሼሁ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አንተ ስትነግረኝ እኔ ሌላ ነው የጻፍኩት። እኅትህ ወንድሜ እንኳ አላለቀሰላትም ብላ እንዳታዝንብህ ብዬ፣ ባንተ ስም ለእናትህ አለቀስኩላት። ሁለት ገጽ ሙሉ።»

ሙቅቢል ሼሁን ትኩር ብሎ አያቸው፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠና ከጎኑ ያለውን ቦታ በመዳፉ ጠረገላቸው።

«በሉ ይቀመጡ» አለ። «ምን ብዬ እንዳለቀስኩላት ይንገሩኝ።»